በሽታውም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ

ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ከአንድ የአገሬው ሽማግሌ ጋር ስንጨዋወት፣ «ለመሆኑ አባባ፣ ኮሶ የትኛው ዛፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «የኮሶበር ልጅ ሆነህ ኮሶን አታውቀውም?» አሉኝ። አፈርኩ። እውነታቸውን ነው፤ እንጅባራ ኮሶበርም ትባላለች። ስሙን ይዘን ዛፉን ረስተነዋል። ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ እፍረት ናት።

ጓደኞቼ፣ በቋንቋችን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የሆድ ትል ኮሶ ይባላል፤ የሚያሽረውም ኮሶ ነው። አባቶቻችን የሴቴውን ዛፍ ቀላ ያለ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ያን ቀን ከቤቱ ይውላል።

ነገር ግን ኮሶ መርዝም ነው። መጠኑ ካለፈ ያስታውካል፣ አቅም ያሳጣል፣ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ኬሚስቶችም ከአበባው ካወጧቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን «ኮሶቶክሲን» ሲሉ መርዝነቱን በስሙ መስክረዋል። እንግዲህ ትልቁ ዕውቀት ዛፉን መለየት ብቻ አልነበረም፤ ልኩን ማወቅ ነበር። ለጎልማሳው ስንት፣ ለደካማው ስንት፣ ለነፍሰ ጡርም መከልከል። ይህን የያዙት ባልቴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ።

ታሪክ የመዘገበው ግን የማንን ስም ነው? ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እስከ ግሽ ዓባይ ዘለቀ። በ1790 በታተመው መጽሐፉም ኮሶን አሥሎ በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ኋላም በፈረንሳዊው ሐኪም በብሬየር ስም ተጠራ። ዛሬ በሳይንስ የሚታወቅበት «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» የተባለው ስም ደግሞ ለጀርመናዊው ለሃገን መታሰቢያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አበባው በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ ተሸጠ። አንድ ዛፍ ለሦስት ፈረንጆች መታሰቢያ ሲሆን ልኩን የሚያውቁት ባልቴቶች ግን ስማቸው የለም።

ዛሬ እንደ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ያሉ ክኒኖች ኮሶን ተክተውታል። ደግ ነው፤ ኮሶ ጠጡ አልልም። ዛፉ ግን ለጣውላ እየተቆረጠ ነው፤ ልኩን የሚያውቁትም እያለፉ ነው። ለክረምት ወደየቤታችን ስንገባ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ከነስማቸው እንጻፍ።

እኔስ? የዘንገናውን ሽማግሌ ስማቸውን ሳልጠይቅ ተለያየን። የፈረንጆቹን ጥፋት እኔም ደገምኩት ማለት ነው። በሚመጣው ክረምት ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ።