የእርሾ ውለታና የእርሾ ወሰን



እኔ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ዳሩ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያነበብኩትንና በቤቴ የደረሰውን ባካፍላችሁ ይጠቅማል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አቀረብኩ።

ቡሬ ሳለን እናቴ ከቦካው ሊጥ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውኃ ለሚቀጥለው ታስቀምጥ ነበር። እርሾ ያለቀባት ጎረቤት «እትዬ፥ እርሾ አውሱኝ» ብላ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመለስም። በዚያች ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩን ከመረመሩት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፥ ጤፍ ሲቦካ ተሕዋስያን በየተራ እንደሚመጡ፥ በኋላም ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች እንደሚያይሉ አሳዩ። ሊጡን የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። ከእነሱና አብሯቸው ከሚኖረው የእርሾ ፈንገስ አንዳንዶቹ ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን ይሠራሉ።

ይህ ቪታሚን የተደረሰበትም በእርሾ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በሕንድ አገር ቦምቤይ ላይ ደም ያነሳቸውን ነፍሰ ጡሮች ከእርሾ በተጨመቀ ምግብ ማዳናቸውን እ.ኤ.አ. በ1931 ጻፉ። በ1941 ደግሞ ከስፒናች ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል መጣ።

ቢ12 የሚባለውንማ ከባክቴሪያና ከመሰሎቹ በቀር የሚሠራው የለም። በላም ሆድ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሣሩ ጋር በገባው ኮባልት ይሠሩታል፤ እኛም በወተትና በሥጋ እናገኘዋለን። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው ሁዳዴን 55 ቀን መጾም ብቻውን አይጎዳም። የሚያሰጋው ከፋሲካ በኋላም ወተትና ዕንቁላል ለማያገኘው ድኻ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ምራቴ ልጅ ለመውለድ ስታስብ የጤና ባለሙያ ፎሊክ አሲድ የሚባል ኪኒን ሰጧት። እኔ ግን «እናቶቻችን በእንጀራ አሳደጉን፤ ኪኒን ምን ያደርጋል?» ብዬ አስተውኳት። ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወለደ፤ አልቆየልንም። ድንኳን ባይተከልም እናንተ መጥታችሁ አብራችሁን ተቀምጣችኋል። ምክንያቱ ያ ኪኒን መቅረቱ ብቻ ነው ለማለት ማንም አይችልም። ቢሆንም ነገሩ ከልቤ አይወጣም።

በኋላ እንደተረዳሁት፥ እርሾው የሠራውን ፎሌት የምጣዱ እሳት በከፊል ያጠፋዋል። የጽንሱ አከርካሪ ደግሞ በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟንም አታውቅ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት፥ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የገጠማቸው እናቶች ኪኒኑን ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ሲወስዱ፥ ችግሩ እንደገና መድረሱ በ72 በመቶ ቀነሰ። ለሌሎች የሚመከረው በቀን 0.4 ሚሊግራም ሲሆን፥ ለእነዚህኞቹ ግን ሐኪም ከፍ ያለ ያዝላቸዋል።

ምራቴ ሁለተኛውን ስታስብ ኪኒኑን ይዤላት የመጣሁት እኔው ነኝ። ልጅቱ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ እርሾውን አትናቁት፤ ውለታው ብዙ ነው። ግን ያልሰጠውን ሰጠ አንበል። ልጅ የሚያስቡ ልጆቻችሁንና ምራቶቻችሁን አስቀድማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። እድራችን ከሚቀብረው የሚያድነው ይብለጥ።