ከቅኔ ማኅበር እስከ ሐርጌሳ ክፍል፦ ተማሪን የመደገፍ ጥበብ ታሪክ

በሐርጌሳ «31 ሜይ» የሚባለው ወረዳ ስሙን የወሰደው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በሜይ 31 ቀን 1988 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ከተማዋ ከገቡበት ዕለት ነው። በዚያው ዓመት ከተማዋ ከአየርና ከምድር ተደብድባ ፈራረሰች። በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርትሼክ ላይ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር የተዘጋው በ2004 ነበር። ዛሬ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦች በዚህች ከተማ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ።

ልጁ በቤቱ አማርኛ ይናገራል፤ አንደኛ ደረጃን በሶማልኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ይማራል። በክፍል ውስጥ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ እንዳላወቀ ይቆጠራል። ይህን ልጅ እንዴት እንደግፈው? በዘመናችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት አንዱ የአሠልጣኝነት ሥነ ልቦና ነው።

አሠልጣኝ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የእግር ኳስ ሜዳን ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን መነሻው ሠረገላ ነው፤ ስሙን ያገኘው ኮች ከተባለችው የሀንጋሪ መንደር ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በጨዋታ «ሠረገላ» ይሉት ጀመር። ስለዚህ ቃሉ ከስፖርት ሜዳ በፊት በትምህርት ቤት ኖሯል።

በ1974 አሜሪካዊው ቲሞቲ ጋልዌይ ስለ ቴኒስ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረበ፦ መምህሩ ትእዛዝ ከማብዛት ይልቅ ተማሪው ኳሷ መሬት ስትነካና ስትመታ ራሱ እንዲያስተውል ቢያደርገው የተሻለ ይማራል። በ1992 ጆን ዊትሞር ሐሳቡን ስለ ግብ፣ ስላለንበት ሁኔታ፣ ስላሉን አማራጮችና ስለ ውሳኔ በሚጠይቁ ጥያቄዎች አደራጅቶ አስፋፋው። በ2000 አንቶኒ ግራንት በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የአሠልጣኝነት ሥነ ልቦና ክፍል አቋቋመ፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደ ትምህርት ቤቶች ዘለቀ።

የሐሳቡ ፍሬ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች ተማሪ ቀኑን ለብቻው በጫካና በሜዳ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል፤ ጀማሪውን ደግሞ ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ተማሪ፣ አስነጋሪው፣ ሰምቶ ያርመዋል። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና የቻለ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት ሥራ በመንግሥቱ ለማ ተተርጉሞ በ1970 በእንግሊዝኛ መታተሙም ይህን ሥርዓት ለዓለም አስተዋውቋል። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም በዱግሲ፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን በእንጨት ሎሕ ላይ የተጻፈውን ያስጠናሉ።

እርግጥ ነው፣ በሁለቱም ዘንድ ቃል በቃል መሸምደድና አለንጋ ነበሩ፤ መምህሩም የማይደፈር ነበር። አዲሱ ትምህርት ግን በፍርሃት ፈንታ መተማመንን ይሻል። ሆኖም አስነጋሪው ያስተማረን አንድ ነገር ጸንቶ ይኖራል፦ ተማሪው አስቀድሞ የራሱን ሐሳብ ይዞ ይቅረብ፤ የሚደግፈውም አንድ እርምጃ ብቻ የቀደመው ይሁን። ሩስያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934) ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሌላ ሰው ድጋፍ በሚችለው መካከል ስላለው ስፍራ የጻፈው ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ በ31 ሜይ ላለው ወላጅ ሥራው ሩቅ አይደለም። ማታ ልጁን «ስንት አገኘህ?» ከማለት «ዛሬ የቱ ጋ ከበደህ? ነገ ምን ትሞክራለህ?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል፤ በሶማልኛ ያልወጣው ሐሳብ በእናቱ ቋንቋ ሊወጣ ይችላልና። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ሶማልኛ የለመደውን የጎረቤት ልጅም አጠገቡ ማስቀመጥ ይገባል። አስነጋሪ ሲገኝ ዝም ያለው ልጅ ይናገራል።