ከጎንደር እስከ ኔቬ ዮሴፍ፦ የጤና ወሬና የጤና ሠራተኛ



በሰፈራችን በኔቬ ዮሴፍ አንዲት እናት ልጇን ለማስከተብ ወደ ጥፓት ሐላቭ ልትሄድ ስትነሣ ስልኳ ይጮኻል። በዋትሳፕ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አማርኛው ግን የጠራ፣ ድምፁም እንደ ዘመድ ድምፅ የሚታመን ነው። «ልጆቻችሁን እንዳታስወጉ» ይላል። ጥፓት ሐላቭ ስትደርስ ደግሞ ነርሷ በዕብራይስጥ ፈጠን ፈጠን እያለች ሌላ ነገር ትነግራታለች። እናትየዋ ማንን ትመን?

ይህ ጥያቄ ከስልክ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ወላጆቻችን በጎንደር፣ እኛም በዚህ አገር ደጋግመን ያየነው ነው። ስለዚህ አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ታሪኩን ከሥሩ ታውቁት ዘንድ በዚህ እትም ላወጋችሁ ወደድሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በዚህ አገር እንደምንቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በደምቢያ የተጀመረው

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። ቆላ መውረድ ንዳድ እንደሚያመጣ ወገኖቻችን ከጥንት ያውቁ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በቋንቋቸው የሚያስረዳ፣ መድኃኒቱንም ይዞ ደጃቸው የሚደርስ ሰው ግን አልነበራቸውም።

በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት አሠልጥኖ፣ እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በሽተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሠራተኛው ወደ ሰዉ ይሂድ፤ ምንጩን ይይ፣ ቤቱን ይይ፣ ያስተምር።

ትምህርቱ ሁልጊዜ በቀላሉ አልገባም። በ1971 ፈንጣጣን ለማጥፋት በመላ ኢትዮጵያ ዘመቻ ሲጀመር፣ በሰሜኑ አገር ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን የመክተብ የቆየ ልማድ ነበር። ልማዱ ከንቱ አልነበረም፤ ብዙ ሰው አድኗል። አንዳንዴ ግን በሽታውን ራሱን ያዛምት ነበር። «የእኛ ክትባት ይበቃናል» ያሉትን ሰዎች በስድብ መመለስ አይቻልም ነበር። የዘመቻው ሠራተኞች የታመመ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት ይጠይቁ፣ የሚመልስላቸውንም ያዳምጡ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተመዘገበው በ1976 ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታትም ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ቤት ለቤት ሲሄዱ የሚታመኑት ሕዝቡ የማን ልጅ እንደሆኑ ስለሚያውቅ፣ ቋንቋውንና ኑሮውንም ስለሚጋሩት ነው።

በእስራኤል፦ ደማችን የተጣለበት ዓመት

በዘመቻ ሙሴ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ በዘመቻ ሰሎሞንም በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ፣ የዚህ አገር ሐኪሞች ቋንቋችንን አያውቁም ነበር። ሕዝባችን «ልቤን አመመኝ» ሲል ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዝዛል፤ ሰውየው ግን ሆዱን ወይም ኀዘኑን ይናገር ይሆናል። በ1995 የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ሥራ ላይ ሲውል እያንዳንዱ ነዋሪ የኩፓት ሖሊም አባል የመሆን መብት አገኘ። በቋንቋው የሚያስረዳውን ሰው ግን ሕጉ ብቻውን አላመጣለትም።

በጥር 24 ቀን 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ አንድ ነገር አወጣ። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም የኤች አይ ቪ ሥጋት አለበት ተብሎ ለዓመታት ሲጣል ኖሯል። ለጋሾቹ አልተነገራቸውም። ደማቸውን ሰጥተው፣ ተመስግነው፣ ሕይወት አዳንን ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በጥር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ወጣ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝና በውኃ በተነው፤ ብዙዎች ቆሰሉ። መንግሥትም ጉዳዩን እንዲመረምር በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ።

ስለ ጤና የተሳሳተ ነገር ሲወራ ዘወትር ጣት የሚቀሰረው ወደ ሕዝቡ ነው፤ «አልተማሩም፣ ወሬ ያምናሉ» ይባላል። በ1996 ግን ስሕተቱ በሹማምንቱ ቤትም ነበር። በሽታ የሚተላለፈው በቫይረስ ነው፤ በትውልድ አገር አይደለም። ደምን በምርመራ መለየት ሲገባ ሰውን በዘሩ ለዩት፤ ያንንም ደበቁት። ከተደበቀ እውነት የሚወለድ ወሬ ደግሞ ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ድልድይ የሆኑት ሰዎች

በ1990ዎቹ ቀስ በቀስ አንድ አዲስ ሙያ ተፈጠረ። በዕብራይስጥ መገሸር ይሉታል፤ ድልድይ የሚሆን ሰው ማለት ነው። የጤና ሚኒስቴር ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚያስተምሩ የማኅበረሰባችንን ልጆች አሰማራ። በዚያው ዘመን መጨረሻ «ረፉአ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ አገናኞችን በኩፓት ሖሊም ክሊኒኮች አስቀመጠ። በ1998 በሐዴራ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር በሽታ ሐኪም በሆኑት በዶክተር አናት ያፌ አነሣሽነት «ቴኔ ብሪኡት» ተመሠረተ። ቴኔ በዕብራይስጥ ቅርጫት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን «ጤና» ይመስላል።

እነዚህ ሰዎች የሚሠለጥኑት ቃል በቃል ለመተርጐም ብቻ አይደለም። «ስኳር አልበላም፤ ታዲያ የስኳር በሽታ ከየት ያዘኝ?» ለሚሉ አባት ዳቦውና ለስላሳ መጠጡም በደም ውስጥ ስኳር እንደሚሆን ያስረዳሉ። «ሕመሜ ስለተሻለኝ መድኃኒቱን ተውኩት» ለምትል እናት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እስከ መጨረሻው የሚወሰድበትን ምክንያት ይገልጻሉ። ለሐኪሙም እኚህ ሰው ዝም ያሉት ገብቷቸው ሳይሆን አክብረውት እንደሆነ ይነግሩታል።

ይህ ሙያ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ በልጅነቴ ተምሬዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ገና እንደመጣን፣ ለእናቴ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። በአንድ ክሊኒክ እናቴ በክንዷ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተደርጎላት ውጤቱ «ሒዩቪ» ነው አሉን። በትምህርት ቤት «ሒዩቪ» ማለት ጥሩ ነገር ነው ብዬ ተምሬ ነበርና፣ «እማዬ፣ ጥሩ ነው ብለዋል» አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ወጣን። ቃሉ በዚያ ቦታ ትርጉሙ ጀርሙ አንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ገብቷል፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነበር። ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። እናቴ ተርፋለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ቃል ስሰማ እደነግጣለሁ። እባካችሁ ልጆቻችሁን ለሕክምና አስተርጓሚ አታድርጓቸው።

እውነትን በሁለቱም በኩል መናገር

በታኅሣሥ 2012 በቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ ዴፖ ፕሮቬራ በቅጡ ሳይብራራላቸው፣ አንዳንዶቹም ተገድደው እንደተሰጣቸው ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ ትርጉሙን መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት መርፌው እንዳይታደስ ለኩፓት ሖሊሞች ጻፉ። በ2016 ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪው መርፌው በግዴታ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

አንድ የጤና ሠራተኛ ስለዚህ ሲጠየቅ ምን ይበል? «ሁሉም ውሸት ነው» ቢል ሴቶቹን አሳፈረ። «ዘራችንን ሊያጠፉ ነው» ቢል ማስረጃ የሌለው ነገር አዛመተ። የሠለጠነ ሰው ሁለቱንም ይናገራል፦ ተቆጣጣሪው ያለው ይህ ነው፤ ሳይገባቸው መርፌ እንደተወጉ የተናገሩ ሴቶችም አሉ፤ መርፌው ደግሞ መካን አያደርግም፤ መልሶ ለማርገዝ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

ኮሮና ሲመጣ፣ በ2020፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታው ጋር አብሮ የሚዛመተውን የወሬ ብዛት እንደ ሌላ ወረርሽኝ ቆጠረው፤ በኅዳር ወር ከየአገሩ የተውጣጡ ሠራተኞችን ለዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። በታኅሣሥ 2020 በእስራኤል ክትባቱ ሲጀመር፣ በዚያው ወር የጹር እስራኤል ዘመቻ አውሮፕላኖች ወገኖቻችንን ያመጡ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ደማችንን የጣሉ ሰዎች ዛሬ መርፌ ሲሰጡን ለምን እንመን?»

የያዝኩት የጥያቄና መልስ ወረቀት ነበር፤ በእሱ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ወረቀቱን አስቀመጥኩና፣ «አባባ፣ እውነት ነው፤ ጥለውታል። ሳይነግሩንም ነው የጣሉት» አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በ1996 በኢየሩሳሌም ሰልፉ ላይ እንደነበሩ አጫወቱኝ። ስለ ክትባቱ የጠየቁኝ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። የማውቀውን መለስኩላቸው፤ የማላውቀውን ከሐኪም ጠይቄ በማግሥቱ መጣሁ። ተከተቡ። ባይከተቡም ኖሮ በማግሥቱ መመለሴ ግዴታዬ ነበር።

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች

ስለ ጤና አንድ ነገር ስትሰሙ ማን እንደተናገረው፣ ከየት እንዳወቀው፣ ቢሳሳት የሚጠየቅበት ስም እንዳለው ጠይቁ። ስሙን የደበቀ ድምፅ ቢሳሳት ተጠያቂ የለውም። በክሊኒክ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ፤ ነውር የለውም። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሕክምናው በሚገባችሁ መንገድ እንዲብራራላችሁና ፈቃዳችሁ እንዲጠየቅ ያዝዛል። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያም የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ከልጆቻችሁም መካከል ነርስ፣ ሐኪምና መገሸር የሚሆኑትን አበርቱልን። በደምቢያ የጎደለው፣ በ1996ም የጎደለው፣ እውነቱን በቋንቋችን የሚነግረን ሰው ነበር። ያ ሰው ከየቤታችን ሊወጣ ይችላል።