ከካሴት እስከ ኢንተርኔት፦ ትዝታችንን ማን ይያዝልን?



በዚህ ዓመት ብዙ ያከራከረን ጉዳይ የመዋጮም የደንብም ጉዳይ አልነበረም። የመሰብሰቢያችን ዲቪዲ ማጫወቻ ተበላሸና፣ "ሌላ ዴክ እንግዛ ወይስ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካውን የኢንተርኔት ማሳያ?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ወጣቶቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። "እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ሲዲ ማን ያያል?" አለች አንዷ። ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ "የኔ ልጅ፣ የእናቴ ድምፅስ አለ?" አሏት።

ቤቱ ዝም አለ። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን ማየት ነበረብን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሥራቾቻችን ብዙዎቹ በሱዳን በኩል አድርገው፣ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው በር ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ ስልክ መደወል ውድ ነበር፤ ደብዳቤም የማያነቡ እናቶች ነበሩን። ስለዚህ ድምፃችንን በካሴት ቀድተን በሰው እጅ እንልክ ነበር። ከአገር ቤትም የእናት ምርቃት፣ የጎረቤት ሰላምታ፣ አንዳንዴም መርዶ በካሴት ይመጣልን ነበር።

ቀጥሎ ቪዲዮ መጣ። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በ1976 ቪኤችኤስን አወጡ። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት አንድ ሰዓት፣ የቪኤችኤስ ግን ሁለት ሰዓት ይቀዳ ስለነበር፣ አንድ ሙሉ ፊልም የሚይዘው ገበያውን ወሰደ። የፊልም ኩባንያዎች ሰው ቤቱ መቅዳቱ ይቅር ብለው ሶኒን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1984 በአምስት ድምፅ ለአራት፣ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራምን በኋላ ለማየት ቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ሲል ወሰነ።

ለእኛ ግን ሌላ ችግር ነበረብን። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ይባል ነበር። ስለዚህ ከአገር ቤት የተላከ የሠርግ ካሴት እዚህ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይዘላል፣ ቀለሙ ይጠፋል። የእኅቷን ሠርግ ለማየት ካሴቱን ወደ አሜሪካው ሥርዓት ለሚያስገለብጥላት ሱቅ የግማሽ ቀን ደመወዟን የከፈለች አባል አለችን።

ከዚያ ሲዲው ተተካ። በ1993 የወጣው ቪሲዲ ከ74 ደቂቃ ያህል በላይ ስለማይዝ አንድ ፊልም ሁለት ሲዲ ይፈልጋል። የአማርኛ ፊልም ስናይ መሀል ላይ ተነሥተን ሁለተኛውን የምናስገባው ለዚህ ነበር። ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ምስሉ ጠራ። ነገር ግን አምራቾቹ ዓለምን በቁጥር ከፋፈሉት፤ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ሆነች። እዚህ ገዝተን ለቤተሰብ የላክነው ዲቪዲ እዚያ "አልሠራም" ያለበት ጊዜ ነበር።

በ1997 የተመሠረተው ኔትፍሊክስም ሥራውን የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት ነው። በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በ2008 የሮኩ ትንሿ ሣጥን ወጣች፤ በ2013 ጉግል ቴሌቪዥን ላይ የምትሰካ ክሮምካስትን በ35 ዶላር ሸጠ። የቪዲዮ ቤቶቹ ተዘጉ። በዓለም የመጨረሻው ነው የተባለው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች ፉናይ በ2016 ሥራውን አቆመ፤ ኔትፍሊክስም መስከረም 29 ቀን 2023 የመጨረሻውን ዲቪዲ በፖስታ ላከ።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ወጣቶቹ እውነት አላቸው። ኢንተርኔቱ ቦታ አይፈጅም፤ ፓል ቢሉ ኤንቲኤስሲ አያስቸግረውም፤ የአገር ቤት ድራማ በወጣበት ቀን ይታያል። እናቶችም እውነት አላቸው። የገዙት ሲዲ የራስ ንብረት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሊያውሱት፣ ሊሸጡት፣ ሊሰጡት ይችላሉ። በኢንተርኔት የምናየው ግን ኪራይ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ ከቆመ ይዘጋል፣ ኩባንያው ውሉ ሲያልቅበትም ፊልሙን ያነሣዋል። በ2009 አማዞን በመብት ጉዳይ የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከገዢዎች ማንበቢያ ላይ አጥፍቶ ገንዘባቸውን መልሷል። ሰዎቹ ሳያውቁ ከመደርደሪያቸው መጽሐፍ እንደ መውሰድ ነው። በ2020 ክረምት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥም፣ እዚያ ያሉ ቤተሰቦቻችን የነበራቸው በእጃቸው ያለው ብቻ ነበር።

ሲዲውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከክርክሩ በኋላ በመጋዘናችን የተቀመጠውን ካርቶን ከፈትነው። አንድ አሮጌ ዴክ ተውሰን ካሴቶቹን አንድ በአንድ ሞከርን። አንዱ የመጀመሪያው ጠቅላላ ስብሰባችን ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሦስት እኅቶቻችን የተናገሩበት። እርጥበት አግኝቶት ሻግቷል። ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው፤ ከሁለት ሰዓቱ የተረፈው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቤት ውስጥ ከተቀዱት ሲዲዎችም አንዳንዶቹ አልነበቡም፤ በእነዚህ ላይ የሚጻፍበት ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። ንብረቱ የእኛ ነበር፤ ጠባቂ ግን አላቆምንለትም።

ስለዚህ የወሰንነው እንዲህ ነው። ለመሰብሰቢያችን የኢንተርኔት ማሳያ ተገዝቷል፤ የትም የሚገኘውን ፊልም በእሱ እናያለን። ከእኛ በቀር ማንም የሌለውን ግን ለማንም ኩባንያ አንተውም። ከደጋፊዎቻችን በተገኘው ገንዘብ ያገለገለ ቪዲዮ ዴክና ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝተናል። ካሴቱና ሲዲው ሁሉ ይገለበጣል፤ አንዱ ቅጂ በጽሕፈት ቤታችን፣ ሌላው በአንዲት አባል ቤት ይቀመጣል፤ በየዓመቱም ተከፍቶ ይታያል። መገልበጡን ወጣቶቹ፣ በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም መንገሩን እናቶች ተረክበዋል።

የመሥራቿ የእናታቸው ካሴት ተርፏል። የዚያች የ"ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ" ባይዋ እጅ ነው የገለበጠው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት፤ እኛም በሩን ዘጋ አድርገን ተውናቸው።

እኅቶቻችን ሆይ፣ አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ካሴት አምጡልን። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ በወረቀት ጻፉበት። ሲያረጅ አይጠብቀንም።