መሀሉ ላይ ማን ይቀመጥ?

ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሚገኘው ኪኩዩ ከተማ፣ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባብረው በ1926 የከፈቱት አሊያንስ የተባለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ በዚያ ግቢ ሼክስፒር እንደ ዓመት በዓል ነበር። በየዓመቱ አንድ ተውኔቱ ይዘጋጃል፤ የገበሬ ልጆች የእንግሊዝ ነገሥታትን ሆነው መድረክ ይወጣሉ። ከ1955 እስከ 1958 እዚያ የተማረው ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ንጉሥ ሊርን ያየው በዚሁ መድረክ ላይ ነው።

ከአጥሩ ውጭ ግን ጦርነት ነበር። የቅኝ ገዥው መንግሥት በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጇል። የንጉጊ ታላቅ ወንድም ቅኝ ገዥውን ከሚወጉት ከማው ማው ተዋጊዎች ጋር ጫካ ገብቷል። ልጁ የመጀመሪያውን የትምህርት ወቅት ጨርሶ ለዕረፍት ሲመለስ የተወለደበት መንደር የለም፤ ፈርሷል፤ ነዋሪው ወታደር ወደሚጠብቀው ሰፈር ተወስዷል። ዕረፍቱ ሲያልቅ ተመልሶ የእንግሊዝን ባለቅኔዎች ያጠናል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው፤ በክፍል ውስጥ ያ ልጅ ያየውን የሚጠራ አንድም ገጽ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ከትምህርቶች አንዱ ብቻ አልነበረም፤ በር ነበር። በሌላው ሁሉ የላቀ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከወደቀ ወደቀ። ንጉጊ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ኪኩዩኛን ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፍ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር።

ኬንያ በ1963 ነጻ ወጣች፤ የንባብ ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው ባለበት ቀረ። ጥቅምት 24 ቀን 1968 በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሦስት ሰዎች፣ ንጉጊ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባ እና ታባን ሎ ሊዮንግ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ማስታወሻ አቀረቡ። ርእሱን ብቻ ላነበበ ሰው ሼክስፒርን ከቤተ መጻሕፍት ሊያስወጡ የተነሡ ይመስላል። ጥያቄያቸው ግን የመቀመጫ ጥያቄ ነበር፤ መሀሉ ላይ ማን ይቀመጥ? አፍሪካ መሀል ትሁን፣ ሌላው ዓለም ከእርሷ አንጻር ይታይ አሉ። ተረቱ፣ ዘፈኑና እንቆቅልሹም፣ ማለትም ቃላዊ ሥነ ጽሑፉ፣ እንደ ሥነ ጽሑፍ ይጠና አሉ። እኔ ትልቁን ድፍረት የማየው በዚህ በመጨረሻው ነው። አያት ምድጃ ዳር የምታወጋውን ለፈተና የሚበቃ እውቀት ብሎ መጥራት በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም።

ክርክሩ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ። በ1974 መምህራንና ምሁራን በናይሮቢ ትምህርት ቤት ተሰብስበው፣ ተማሪው ከቅርቡ ይነሣ አሉ፤ ከኬንያና ከምሥራቅ አፍሪካ ጀምሮ ወደ መላው አፍሪካ፣ ቀጥሎም ወደ ካሪቢያንና ወደ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከዚያ ወደ ተቀረው ዓለም። ለውጡ አዝግሟል፤ ተቃዋሚም አላጣም። ቢሆንም ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አካል ሆነ።

በ2010ዎቹ ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ የኬንያ ተማሪዎች ከተመደቡላቸው መጻሕፍት አንዱ ንጉጊ ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው፣ በ1965 የታተመው ‹ዘ ሪቨር ቢትዊን› ነበር። የንጉጊ ልብ ወለድ በሁለት ሸንተረሮች መካከል በሚፈስ ሆኒያ በተባለ ወንዝ ዳር ያለ ታሪክ ነው፤ ስሙ መፈወስን፣ ነፍስ መመለስን ያመለክታል። ተማሪው ይህን የኪኩዩኛ ስም በፈተና ወረቀቱ ላይ የሚያብራራው በእንግሊዝኛ ነበር።