ስለ «ኅብር» ቃል ትርጉምና ምንጭ

በሾላ ገበያ ድሩ በአንድ ቀለም፥ ማጉ በሌላ ቀለም የተሠራ ሐር ያየ ሰው፥ ጨርቁ በታጠፈ ቊጥር መልኩ ሲለዋወጥ ይመለከታል። በክረምት ቤንዚን በፈሰሰበት ርጥብ አስፋልት ላይም ይህን የመሰለ የቀለም ጨዋታ ይታያል። ፈረንጆች ለዚህ ነገር ስም ያወጡት ኢሪስ ከተባለችው የግሪኮች የቀስተ ደመና አምላክ ነው። እኛስ ምን እንበለው?

«የሚያብለጨልጭ» ቢባል አይበቃም፤ መስተዋትም ያብለጨልጫልና።

«ቀስተ ደመና» የመጽሐፍ ቃል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ከጥፋት ውሃ በኋላ በደመና የተሰጠው የኪዳን ምልክት ቀስት ተብሏል፤ የግዕዙ «ቀስት»ና የዕብራይስጡ «ቄሼት» ሥራቸው አንድ ነው። ሕዝቡ ግን ይህንኑ «የማርያም መቀነት» ይለዋል። መጽሐፉ የጦር መሣሪያ ባየበት ስፍራ እናቶቻችን የወገብ መታጠቂያ አይተዋል። ሁለቱም ግን የሚጠሩት በሰማይ ላይ ያለውን እንጂ በጨርቁ ላይ ያለውን አይደለም።

ሦስተኛው ቃል «ኅብር» ነው። በግዕዝ «ኀብረ» ማለት ተባበረ፥ አንድ ሆነ ማለት ሲሆን፥ «ኅብር» የተባለው ስም ቀለምንም ያመለክታል። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲተወው «አበረ» ሆነ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት የምንሰማው ይኸው ነው። የቅኔ መምህራንም አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ «ኅብር» ይሉታል፤ ሰሚው ባንድ በኩል ሲያየው ሰሙን፥ በሌላ በኩል ሲያየው ወርቁን ያገኛል። የሐሩም ጠባይ ይኸው ነው።

የሳይንስ ምርመራም ይህን ይደግፋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጣዎስ ላባ ውሃ ሲነካው ያ ልዩ ቀለሙ እንደሚጠፋ ገለጠ። ይህ ቀለም ከስስ ንጣፎች ተመላልሰው የሚገናኙ የብርሃን ማዕበሎች ፍሬ ነው እንጂ ከማቅለሚያ የመጣ አይደለም። እንግዲህ ኅብረት የወለደውን ቀለም «ኅብር» ማለት የተገባ ነው።

ዛሬ ግን «ኅብረ ቀለም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ዥንጉርጉር የሆነውን ሁሉ ማለታችን ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ዐይነት ድካም ያቆዩልንን ቃል ትርጉሙን አደብዝዘን፥ ለዚያው ነገር ሌላ ስም ከውጭ መበደር ኪሳራ ነው። ተማሪው ቃሉን በቦታው ቢያውለው፥ ቅኔውና ፊዚክሱ ባንድ ቋንቋ ሊነጋገሩ ይችላሉ።