ለገሃር፦ ጣቢያውና የሰፈሩ ሰው

አዲስ አበባ ኖሮ «ለገሃር ነው?» ብሎ ታክሲ ያልጠየቀ ማን አለ? ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ትርጉሙም ያው ጣቢያ ማለት ነው። «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል እንግዲህ ጣቢያን ሁለቴ እየጠራን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ገንዘብ አለቀና ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተረክቦት አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድር ነበር።

ዛሬ የምናውቀው ባለ ፎቅ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ፣ በ1923 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለስደት የወጡትም በዚሁ ባቡር ነው። ጣሊያኖች አንበሳውን ነቅለው ሮም ወስደው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ትልቁ የጥገና ጋራዥ ድሬዳዋ ስለነበር፣ ከተማዋን ያቆማት የባቡር ሠራተኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መነሳት ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ነው። ለገሃር የቀረለት የከተማው ቀላል ባቡር ፌርማታ ነው።

ታሪኩ እኛ ያለንበት አገር ድረስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ በጣቢያው ዙሪያ 36 ሄክታር ላይ አዲስ ሰፈር ሊገነባ መሠረት ተጣለ። ያኔ የተባለው፣ ታሪካዊው ሕንፃ እንደሚጠበቅና 1,600 ያህል ነዋሪዎች እዚያው አካባቢ ቤት እንደሚሰጣቸው ነው። ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ የሚከራከርለት አያጣም። የቀበሌ ቤት ግን ተከራካሪው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ እህት ወንድሞች፣ ቤተሰባችሁ እዚያ ሰፈር ካለ የኪራይ ደረሰኙን፣ የነዋሪነት መታወቂያውን፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረ አባት ወይም አያት ካለም የጡረታ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ቤቱ በእናንተ ስም ከሆነ ለምታምኑት ሰው በቆንስላ በኩል ውክልና ስጡ። ጉዳዩ ሲነሳ ከዚህ ተነስቶ መድረስ አይቻልምና፣ ቀድሞ ማዘጋጀቱ ይሻላል።